አርባ ስግደት

ከፖስታ ቤት ዝቅ ብሎ፣ አቧራው ሲሽከረከር፣
ነፋሱ ከኮረብታው ወርዶ የሱቅ ሸራ ሲገትር፣
አንድ ሽማግሌ ቄስ በመቋሚያቸው አስቆሙኝ፤
አንድ እግር ባጃጁ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ቀርቶ፣ «ያዘኝ» አሉኝ።
«ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ ነው። ገብርኤል ድረስ ስንት ነው?»

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፣
የመድፍን ፋታ ጠብቆ ጆሮ ሥር የሚገባውን።

መምሬ መርዓዊ ነበሩ። ማዕረግም አልነበራቸው፣
ሬሽን ሲታደል እንኳ ከዝርዝር የለም ስማቸው፤
ሻለቃው ሲንቀሳቀስ ከበቅሎዎቹ ጋራ፣
ባንድ እጅ መስቀል፣ ባንድ እጅ ጀሪካን፣ ተራራ ለተራራ።
መጀመሪያ ውሃ ይሰጣሉ፤
«የተጠማ ሰው ኃጢአቱ አይታወሰውም» ይላሉ።

የምሽግ ንስሐ አጭር ነው። አንዱ ሰረቅሁ፣ አንዱ ገደልሁ፤
የኔ ተራ ሲደርስ፣ «አባ፣ ፈራሁ» አልሁ።
«ሌላስ?»
«ሌላም ፈራሁ።»

ቀኖናው ስግደት ነው፤ እዚያ ግን ማን ይሰግዳል?
ብድግ ያለ ጭንቅላት ወዲያው ይመታል።
«አርባ ስግደት አለብህ፣ በዳሳ። ዛሬ ግን አይደለም፤
ቤትህ ስትገባ ትሰግዳለህ።» ሌላ ያሉኝ የለም።
ስግደቱን ረሳሁት። ሌሊት ሌሊት የማላምጠው
«ቤትህ ስትገባ» የምትለዋን ነበር፣ እንደ ኮቾሮ ቆርሼ፣ እንዳያልቅ እየቆጠብሁ።

ከዚያ የክርስትና ስሜን ቀይ ደብተር ላይ ጻፉ፤
«ስማችሁ እንኳ ይቅር» እያሉ፣ «እናንተ ብትጠፉ።»

ሙዘሚልም ነበረ፣ የአሰላ ልጅ፣ መትረየስ ተኳሽ።
ሆዱን ተመቶ ሲወድቅ የጠራው እሳቸውን ነው፤
«አባ፣ ወደ ቂብላ አዙሩኝ።»
ከመቶ አለቃው ኮምፓስ ተዋሱ፣ ጋቢ ውስጥ ተከልለው
በክብሪት መርፌዋን አዩ፤
ትከሻውን አቅፈው፣ ቀስ አድርገው፣ ትንሽ ወደ ግራ አዞሩት።
መስቀላቸውን ኪስ ከተቱ።
እስኪነጋ እጁን እንደያዙ ነበሩ። ምንም ሲናገሩ አልሰማሁም።

መስታወቱን ወደሳቸው አዘነበልሁ። «አባ፣ በዳሳ ነኝ።»
«የቱ በዳሳ?»
«ጉድጓድ ሰባት። ሁለት ጊዜ የፈራሁት።»
ዝም አሉ። ከደረታቸው ደብተሩን አወጡ፤ ቀዩ ጠቁሯል፣
ወልደ ሰማዕት ከሚለው ጎን ትንሽ መስቀል ተሥሏል።

«ሞተሃል እኮ» አሉኝ።
«ጉድጓዱ ሲደረመስ አንድም አልተረፈም ብለውኝ፣
አሥራ ሁለት ዓመት በየቅዳሴው ከሙታን ጋር ስጠራህ።»
«በሦስተኛው ቀን ቆፍረው አወጡኝ፣ አባ።»
«ስግደቱስ?»
አፈርሁ። መሪውን ጨበጥሁ።
«ተወው፣ እኔ ሰግጄልሃለሁ። የሞተ ሰው ዕዳ የት ይወድቃል?
የሁላችሁንም ሰገድሁ። መቶ አሥራ ሰባት ስም፣ አርባ አርባ።»
ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉት፣
የሰው በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

ገብርኤል በር ላይ ስክሪብቶ ለመኑኝ።
መስቀሉን ሊሰርዙ ደብተሩን ጭናቸው ላይ ዘረጉ፤
እጃቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ።
«መስቀል እንዴት ይሰረዛል?» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው።
ቆይተው ከሥሩ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ተገኘ» ብለው ጻፉ።
ሃያ ብር ዘረጉልኝ። አልቀበልም አልሁ።
«ተቀበል። ለሕያው ሰው ከፍዬ አላውቅም፣ በዚህ ደብተር» ብለው ሳቁ፤
ሳቁ ሳል ሆነባቸው።

ማታ ቤቴ ገባሁ። ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንገጫግጫል።
ጫማዬን አወለቅሁና ወደ ምሥራቅ ዞርሁ።
አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ግንባሬ ሲሚንቶውን ነክቶ ይመለሳል።
ለምለም ከጓዳ ብቅ ብላ፣
«ምን ጠፍቶብህ ነው፣ ወለል ለወለል?» አለች።
«ቆይ» አልኳት፣ «ቁጥር አታሳስቺኝ።»