የሙዛፈር ጥርሶች

ጥርስ ሠሪ ነኝ እኔ፣ ጊሬሱን ከተማ፣
አፍ ስለካ ኖርሁ፣ ቃሉን ሳልሰማ።
ሽቅብ ወጣሁ አንድ ቀን፣ ጭጋግ ወደሚያድርበት፣
አራት የፊት ጥርሶች፣ በኪሴ ይዤለት።

ሙዛፈር በዚህ ጋራ፣ ኔጅሚዬ እህቱ በዚያኛው፤
መሐል ያለው ገደል፣ በእግር ግማሽ ቀን ነው።
ስለዚህ ያፏጫሉ።
ጣት ከምላስ በታች፣ ትንፋሽ በጥርስ መሐል፣
ፉጨቱ ቃል ሆኖ፣ ገደሉን ይዘላል፤
«ላሟ ወለደች» ይላል፣ «ዱቄት አለቀብኝ»፣
«ሐኪሙ መጥቷል» ይላል፣ «እስኪ አንቺም ንገሪኝ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤
እዚያ ግን አፋፍ ላይ፣ ቃል ቆሞ አይቀርም፣
ተሻግሮ ይሄዳል፤
ከነፋስ ይታገላል፣ ከወንዙ ጩኸት፣
ከሻይ ለቃሚዎች ሳቅ፣ ከጭጋግ ክብደት።
ጥቂቱ ይወድቃል፣ ጥቂቱ ይደርሳል፤
የወደቀውን ጆሮ፣ ጎንበስ ብሎ ያነሳል።

አምና በበረዶ፣ አዳልጦት ወደቀ፤
የፊት ጥርሱ ረግፎ፣ ፉጨቱ ደቀቀ።
«ገመድ ላኪልኝ» ቢላት፣ «እንግዳ» ብላ ሰምታ፣
ዶሮ አርዳ ጠበቀች፣ በር ከፍታ እስከ ማታ።
«ወገቤን አመመኝ»፣ ሲላት በማግስቱ፣
«እንኳን ደስ ያለህ» አለች፣ ከልቧ እህቱ።

ከዚያ መጠየቅ ጀመረች።
«ምን? ድገመው። ቀስ በል።»
ደገመው። ቀስ አለ።
«ገመድ ነው ያልኸው?»
«አዎ፣ ገመድ!»
(ይህች «አዎ» ብቻ ጥርስ አልፈለገችም።)
በረዶው ቀለጠ፣ ሻዩ አቆጠቆጠ፤
ስለ ዶሮዋ ዳግም ያነሳ የለም።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር።
ጥርሱን ገጠምሁለት፣ በመስታወት አየው፤
አፋፉ ላይ ቆመ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ለቀቀው።
እንደ አዲስ ቢላዋ፣ ጭጋጉን ሰነጠቀው።
ገደሉ ዝም አለ።
ውሻ እንኳ አልጮኸም።
ቆየት ብሎ ከማዶ፣ አንድ አጭር ፉጨት መጣ፤
«ምን አለች?» አልሁት። ሙዛፈር ገረጣ።
«‹አንተ ማነህ?› አለች።»

ጥርሱን አወለቀ፣ በመሐረብ ጠቀለለው፤
በባዶ ድዱ ነፋ፣
የተሸራረፈ፣ ግማሹ አየር የሆነ፣
እኔ ፉጨት ልለው የማልደፍረውን ነገር።
ሳይጨርሰው መለሰች፤
ረጅም፣ የተቆጣ፣ መሐሉ ሳቅ ያለበት።
ትርጉሙን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁት።

ቁልቁል ስወርድ ማታ፣ ራሴን ታዘብሁ፤
በአፉ በኩል ብቻ፣ ስሞርድ ከረምሁ።
እሷ ለካ በጆሮዋ፣
በዚያ ሁሉ «ምን?»፣ በዚያ ሁሉ «ድገመው»፣
ስትጠርብ፣ ስትለካ፣ ስትገጥም ከርማ፣
የወንድሟን ጥርስ ሠርታ ጨርሳለች።

ሒሳቤን ከፍሎኛል።
በቆሎ ሲጠብስ ብቻ ያደርጋቸዋል አሉ።