ሣጥን ቁጥር አሥራ ሰባት

ከቴምሩ እርሻ ጀርባ፣ በቤት ሽዓን ሜዳ፣
ብርሃን ጊልቦዓን ዞሮ ሲሄድ እንደ እንግዳ፣
ጉጉቷ ከሣጥን ወጣች፤ ኮሽ ሳይል አየሩ፣
አይጧም አልሰማችም፤ ጸጥ እንዳለ ሣሩ።
ብርሃን ቢያንሰኝ ጊዜ ካሜራዬን አልኩት፣
«ካለህ ስጠኝ» ብዬ፤ አይኤስኦውን ሰቀልኩት
እስከ አሥራ ሁለት ሺህ። አምስቴ ተጫንኩት።

ሌሊቱን በማሸጊያው ቴምር ስደረድር
ልቤ ከካርዷ ጋር ኪሴ ውስጥ ሲያድር፣
ንጋት ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሳያት፣
አሸዋ በወንፊት የነሰነሱባት፣
ቀይና አረንጓዴ ፍንጥርጥር ያለባት።
ይህን ነው ባለሙያው «ጫጫታ» የሚለው።
ድምፅ የሌላት ወፍ ላይ ጫጫታው የማን ነው?

ሁለት ፕሮግራም ጫንኩ፣ በነጻ ለአንድ ወር፤
አንዱ የሚያጥብ ነው፣ ሌላው የሚሞርድ ዳር።
አጣቢው አሸዋውን ጠራርጎ ወሰደ፤
ሰማዩ ሐር ሆነ፤
ደረቷም ነጣ፣ የሄርሞን በረዶ እንደወረደ።
ሞራጁ ተራውን አሰበ፣ አሰበ፤
ማራገቢያው ጮኸ፣ ጭኔ ተለበለበ፤
ክንፏን ላባ በላባ ቆጥሮ አቀረበ፣
ጠርዙ ቢላ ሆኖ። ዓይኗ ውስጥም አንዲት
የብርሃን ነጥብ ጣለ፣ እኔ ያላየኋት፤
ፀሐይ ከገባች ወዲህ ከየት አመጣት?

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ሁለቱን አጋባሁ፤
አጥቤ፣ ሞርጄ፣ ለኖጋ ላክሁ።

ኖጋ የሣጥኖቹ ጠባቂ ናት፤
መሰላል ተሸክማ በየሳምንቱ የምትዞር፣
የአይጥ አጥንት ከኩሱ ለቅማ የምትቆጥር።
«ቆንጆ ናት» አለችኝ፤ «ግን ይህች ማን ናት?
የአሥራ ሰባቷ እናት ደረቷ ነጥብ አላት፣
ጥቁር አዝሙድ ዳቦ ላይ እንደተበተነ፤
በእሱ ነው የማውቃት። የት ደረሰ? ምን ሆነ?
ክንፏስ? በዚህ ስለት ብትበር ያፏጫል፤
አይጡ ሰምቶ ይሮጣል፤
ጫጩቶቿ ጦም ያድራሉ።» ሳቀች። ስልኩን ዘጋች።

ተመለስኩ ወደ ጥሬው። አጎላሁት፣ አየሁ።
ነጥቡና አሸዋው መጠናቸው እኩል ነው፤
አንዱ የጨለማው፣ አንዱ የራሷ ነው፤
ማሽኑ በምን ይለይ? እኔም በግምት ነው።
ጠርዙ የደበዘዘው እጄ ስቶ፣ ስቶ
አይደለም፤ እንዲያ ነው ላባዋ፣ ድምፅ ሊውጥ ተሠርቶ፣
ዳሩ እንደ ጋቢ ጫፍ ክር በክር ተፈትቶ።

አጣቢውን ከመቶ ወደ ሃያ አወረድኩ።
ሞራጁን ከምንቃሯ በቀር ሁሉን ከለከልኩ።
ያቺን የዓይን ብርሃንም በገዛ እጄ አጠፋሁ።

እናቴ በጀርባዬ ቆማ አየች፦ «ጉጉት ደግሞ! ሟርት!
ለዚያውም አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍላት።
የትናንቷ ትሻል ነበር፤ የታጠበችው።»

ሙከራው ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል ይላል።
ማታ ሣጥኑ ሥር ቆምኩ፤ ካሜራው መኪና ውስጥ ቀረ።
ጨለመ። ቀና አልኩ። ሰማዩ ሐር አልነበረም፤
ደቃቅ አሸዋ ይርመሰመስበታል፣ ግራጫ፣ እረፍት የለሽ፤
ለካ የእኔም ዓይን በጨለማ ይጮኻል።
በዚያ መሃል አንድ ነገር አለፈ፣ ነጭ፤
ነፋሱ ግንባሬን ነካኝ፣
ድምፁን ግን አልሰማሁም።