ሦስት ኪሎ ሩዝ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
አንድ ክፍል ለሦስት በኮምፔንሳቶ ተሸንሽኖ፣
መስኮቱ ለነረምያ፣ በሩ ለነሸፊቅ ሆኖ፣
ለኛ የደረሰን መሀሉ ነው።
ኤሲው በላያችን ሲያልፍ ግማሽ ንፋስ ይጥልልናል፤
ግማሹን እንደ ጎረቤት ጠብ በጆሯችን ብቻ እንሰማዋለን።

ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፤
የስልኬ ወሬ ግን ስምንተኛው ሺህ ገብቷል።

ይመር የሰው እራት በሞተር ሲያደርስ አምሽቶ፣
ከነሄልሜቱ፣ ከነላቡ ገብቶ፣
«ዛሬስ ምን አነበብሽ?» ይለኛል፣
ጫማውን ሳያወልቅ።
የክፍሉ ሙቀት ከሃያ እስከ ሃያ ሁለት፣ እለዋለሁ፤
(ውጪው በዚህ ሌሊት ሠላሳ ስድስት ነው።)
የገላው ውሃ ለብ ያለ፣ ሠላሳ ሰባት፤
(ሐምሌ ነው፤ ቀዝቃዛው ቧንቧችን እንኳ ሻይ ያፈላል።)
በጀርባው ይተኛ፣ ለብቻው አልጋ፣
ፍራሹ ጠንካራ፣ ትራስ የማይጠጋ።
«የቱ ጋ?»
አለ ዞር ዞር ብሎ።
ከአልጋችን እስከ ኮምፔንሳቶው ሁለት ስንዝር ናት።

አንድ ጥያቄ ጽፌ አንድ መልስ ስጠብቅ፣
መልሱ ሦስት ጥያቄ አርግዞ ይመጣል።
«ለምን ያለቅሳል?» አልኩ፤
አሥራ ሁለት ምክንያት ተደረደረልኝ፣
ከየአንዳንዱ ግርጌ «ሐኪም ያማክሩ» የሚል።
በየሁለት ሰዓቱ ይጥባ። የለም፣ ሲፈልግ ብቻ።
ይታቀፍ። የለም፣ እቅፍ ይለምዳል።
ሁሉም ያውቃሉ፣ ሁሉም እርግጠኛ፤
ከዓለም የማላውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።
ስልኬ በየሌሊቱ ከእኔ ቀድማ ትገላገላለች፤
አራስ ጠያቂዋም እኔው ነኝ።

ግን አልዋሽም።
እናቴ ከሐይቅ ደውላ፣
«ገና እንደወጣ ቅቤ ታቀምሺዋለሽ፤
እንጥል የምትቆርጥ ሴት እዚያም አትጠፋም» ስትለኝ፣
ድምፄ እየተንቀጠቀጠ
«አይ እማ፤ ቅቤም አይቀምስ፣ እንጥሉም አይነካ» ያልኳት
ያነበብኩትን ይዤ ነው።
ዝም አለች። ካርዷ ያለቀ መሰለኝ።
ታናሽ ወንድሜን ያስቆረጡት ዕለት
ደሙን በነጠላዋ ያበሰችው እሷ ነበረች፤
እሷም አላነሳችው፣ እኔም አላነሳሁት።
«እሺ» አለች ቆይታ።
ያን ቀን ስልኬን ወደድኳት።
ማታውኑ መልሼ ጠላኋት።

«ሲወለድ ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው» ብዬው
ይመር ሦስት ኪሎ ሩዝ በትራስ ልብስ ቋጠረ፤
አንገቱን ደግፎ
(ሩዝ አንገት የለውም)
ከበሩ እስከ አልጋው፣ አራት እርምጃ፣ ሲመላለስ አደረ።
እንቅልፍ ጥሎት ጎኑ ሲያሳርፈው
በአንድ እጁ እንደያዘው ነበር።
በማግስቱ ያንን ሩዝ መቀቀል አልሆነልኝም።

ትናንት ግን ረምያ ኮምፔንሳቶውን ቆረቆረች።
እጇን ዘይት ፈንጥቆባት፣ ፊቷ ተጨማዶ፣
የአርባ ቀን ልጇን ክንዴ ላይ ጣል አድርጋ
ወደ ቧንቧው ሮጠች።
ልጁ ጮኸ። ጣሪያው ጮኸ።
ስልኬ አልጋው ላይ ነበረች፤ እጄ ግን አልተረፈም።
አሥራ ሁለቱን ምክንያት በልቤ እየቆጠርኩ፣
ራበው፣ ሞቀው፣ ሆዱን ነፋው፣
ከአራተኛው ወዲያ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤
ወገቤን ወዲያ ወዲህ አልኩ፣
ትከሻዬ ላይ ገላበጥኩት፣
ጆሮው ሥር በማላውቀው ዜማ አንጎራጎርኩ።
ዝም አለ።
ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ረምያ በእርጥብ ጨርቅ እጇን ጠቅልላ መጣች፤
«ምን አደረግሽው?» አለችኝ በቅንድቧ።
«ማፊ» አልኳት።
ልጇን ተቀብላ ስትሄድ ስልኬን አንስቼ
«ለቅሶውን ለምን ያቆማል?» ብዬ ጻፍኩ፤
አንድ በአንድ ፊደሉን አጠፋሁት።

ይመር ገባ። «ዛሬስ ምን አነበብሽ?»
እጄን አስሸተትኩት።