አንዲት ብቻ

ከብርኖ ስንነሣ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣
«አንዲት ብቻ» አለኝ፣ «አንዲት፣ በመንገድ»።
ባሌን አውቀዋለሁ፤ የቦሁሚል «አንዲት»
እየፈለፈለች ታድራለች ሌሊት።

ከኋላ ወንበር ላይ ዝዴንካና ቮይታ፣
በመሃላቸው ዳቦ፣ የዶሮ ኮቶሌታ፤
እኔ መሪ ይዤ፣ እሱ ስልኩን ታቅፎ፣
«ታጠፊ» ይለኛል፣ መታጠፊያው አልፎ።
ባሕሩ ሩቅ ነው፣ ስምንት መቶ ኪሎ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የማናውቀው ሰው
(ጡረተኛ ይሁን፣ ተማሪ፣ ማን ያውቀው)
አንዲት ትንሽ ጣሳ ከድንጋይ ሥር ቀብሮ፣
ሥፍራዋን ለዓለም ይናገራል ቆጥሮ፤
ሳተላይት ከላይ፣ እኛ ከታች ሆነን፣
እንፈልጋታለን፣ ሳማ እየለበለበን።
ወርቅ የለም በውስጧ፤ ጥቅል ወረቀት፣
ስምና ቀን ጽፈህ የምትመልሳት።

በእንቆቅልሽ ወግ፣ ያላወቀ ሰው አገር ይሰጣል፤
በባሌ ጨዋታ ግን፣ የጠፋበትም አገር ያገኛል።
ኦስትሪያን እኮ እኛ፣ ከዚህ ጨዋታ በፊት፣
የምናውቃት በመስኮት፣ በሰዓት መቶ ሠላሳ ፍጥነት።

ሚኩሎቭ ላይ ቆምን፤ የወይን ማሳ ዳር፣
በማግኔት ተጣብቃ ከብረት አጥር።
ግራዝ ሳንደርስ ደግሞ፣ ከማደያው ኋላ፣
ቮይታ ሽንት ብሎ ወርዶ፣ አገኘልን ሌላ።
ከዚያም በኋላ ሌላ። ከዚያም በኋላ ሌላ።
አንዲት ባልቴት ደግሞ፣ መንገድ የጠፋን መስሏት፣
በሽርጧ ኮክ ይዛ መጣች፣ እያሳዘንናት።
ቮይታ ከአንዷ ሣጥን የላስቲክ እንቁራሪት ወስዶ፣
«ምትኩን አኑር» ቢባል፣ ኪሱን ገልብጦ፣ ንዶ፣
ትናንት የወለቀች ጥርሱን ሊሰጥ ነበር ፈቅዶ።
(ጥርሷን እኔ ደበቅኩ፤ ቁልፍ በጠስኩ ከሹራቤ።)

ኮቶሌታው አለቀ። ባሕሩ አልቀረበም።
እኔም ዝም አልኩኝ። ዝም ስል ደግ አይደለም።

ማሪቦርን አልፈን፣ ከድንጋይ ድልድይ ሥር፣
«የመጨረሻዋ ናት! በሰማይ! በምድር!»
ካፊያ ጀመረ። ሦስቱም ወረዱ።
እኔ ግን አልወርድም፤ ቁጭ፣ እንደ ግንዱ።
ውሻ የሚያናፍስ የአገሩ ሰው ቆሞ፣
«ምን ጠፋቸው?» አለኝ፣ ወደ ሥር ጠቁሞ።
«ልባቸው» አልኩና፣ አፈርኩኝ ደግሞ።

«እማ!» አለች ዝዴንካ፣ «ነይ፣ ያንቺ ስም አለ!»
ውሸቷን ነው አልኩኝ፤ እግሬ ግን ቸኮለ።
ጠርዙ በሻገተ፣ በረጠበ ጥቅል፣
ከስንት አገር ስም፣ ከስንት ሰው ፊደል መሃል፣
የገዛ እጄ ጽሑፍ። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

«ዝናብ። ከቦሁሚል ጋር ተኳርፈናል።
ዣንጥላ ረስቷል።
ሦስተኛችን ሆዴ ውስጥ ይራገጣል።
ሉድሚላ።»

ልጄ ጮክ ብላ፣ ነጥቡን ሳትስት አነበበች።
«ሦስተኛው ማነው?» «አንቺ ነሽ» አልኳት። ዝም አለች።
«እኔስ?» አለ ቮይታ። «አንተማ ኩኩሉ ላይ ነበርክ፤
ነጋ ወይ ስንልህ፣ አልነጋም ትላለህ።»

ባሌን አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል፣
ጭቃ የነካውን በድንጋይ ይፍቃል።
ረስቼው ነበር፣ ድልድዩን፣ ወንዙን፣ ኩርፊያውን ሁሉ።
እሱስ? አልጠየቅኩም። ከጠዋት ጀምሮ «አንዲት» ማለቱ
ይቺን ይሁን አይሁን፣ ይወቀው እሱ በቤቱ።

እርሳሱን ተቀብዬ ከሥሩ ጫርኩበት፦
«ዝናብ። አራት ነን። ዣንጥላ ዛሬም የለም።»
ክዳኗን ጠበቅ አድርጎ መለሳት ከነበረችበት።

ባሕሩ ዘንድ ስንደርስ መንደሩ ተኝቷል፤
ማንም አላየውም። ይሰማል። ጨው ይሸታል።
ቮይታ ጫማውን ሳያወልቅ ገብቷል።