ወንዝ ላይ የወደቀች ነጥብ

በዊኒፔግ ሰሜን፣ በረዶ እየረገጡ፣
ኢንግሪድና ካቬህ ለጥናት ወጡ፤
እሱ ስልኩን ይዞ፣ እሷ መዝገብ አንግታ፣
የጸሎት ቤት ሁሉ ሊያሰፍሩ በካርታ።

ልብስ ማጠቢያው ቀርቶ ዛሬ ሃሌ ሉያ፣
የጥንቱ ምኩራብ የሲኮች ማደሪያ፣
ከጎማ ጥገናው ፎቅ የዓርብ ስግደት፤
ሁሉም ነጥብ ሆነ፣ ቀለም ተቀባለት።

አንዲቷ ግን ስታ
ቀዩ ወንዝ መሀል ተገኘች ተኝታ።

«የሳተላይት ስህተት» አሉ መምህሯ፣
«ሰው ውሃ ላይ አይኖር፣ አጥፊያት ከስሯ።»

የኢንግሪድ ጣት ቆመ።
ትዝ አላት ያ ሽማግሌ፣ ቄስ ንሲምባ፣
ኪራይ ሲያስወጣው ያልወጣው እንባ።
«አድራሻችሁ?» ብትለው በእጁ ወንዙን አሳያት፦
«በሐምሌ እንገባበታለን፣
በጥር እንቆምበታለን፤
ከእግራችን በታች መፍሰሱን ግን አያቆምም» አላት።

ካቬህ ሹክ አለ፦
«ነጥብ ብታተርፊ ነጥብ እናጣለን።»

አላጠፋቻትም።
ከጎኗ ያለውን ጠባብ ሳጥን ሞላች፦
ጣሪያ፣ የለም። ኪራይ፣ የለም።
ምእመን፣ አርባ አንድ፤ ሕፃናት ሳይቆጠሩ።
የቦታው ትክክለኛነት፦
እንደ በረዶው ውፍረት።