የአምስተኛው ፎቅ ምንጣፍ

ከማትራህ ወደብ ፊት ለፊት፣ ከሆቴሉ አምስተኛ ፎቅ፣
ምንጣፍ የምጠርግ እኔ ነኝ፤ በቁጥር እንጂ በስም የማልታወቅ።
እሱ ግን ስሜን ጠየቀኝ። «ዘምዘም» ስለው ደገመው፣
ትኩስ ድንች እንደ ጎረሰ ሰው፣ ወዲያ ወዲህ እያረገው።

ቬይኮ ነው የሱ ስም። ድሮ የፊንላንድ ርእሰ ብሔር ነበር፤
ዛሬ አልጋውን ራሱ ያነጥፋል፣ ፎጣውን አጥፎ ከወንበር
አስቀምጦ ይጠብቀኛል፤ «ሥራሽን ሰረቅሁብሽ» እያለ።
ደመወዜን እንጂ ሥራዬን የሰረቀኝ ከዚህ በፊት የት አለ?

ሸሚዙን ልወስድ ስገባ፣ በየማታው ጥቂት ጥቂት
ዕድሜውን አወራኝ፣ እንደ ልቃቂት
ጫፉን ይዞ ሲፈታ። አባቱ እንጨት ሰንጣቂ፣
እሱ የትንሽ ከተማ ጸሐፊ፣ የእድር ያህል ሒሳብ ጠባቂ፣
ከዚያ የዓሣ ሚኒስትር።
«የዓሣ?» ብዬ ስስቅበት፣ «ዓሣ» አለ፣ «ደግ ሕዝብ ነው፤ ዝም ብሎ የሚመክር።»
ስድስት ዓመት መንበር ላይ፤ በሁለተኛው ምርጫ ወደቀ፤
ባርኔጣውን አንሥቶ፣ በትራም ቤቱ ዘለቀ።
«ማን ተነሣልህ?» አልሁት። «አንዲት ልጅ፤ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።
ሽማግሌ መሆኔን ያን ዕለት ነው ያወቅሁት» አለኝ።

በመስኮቱ ባሕሩን አይቶ፦ «እኛም ባሕረ ሰላጤ አለን፤
በብርድ ወራት ይጠጥርና፣ በላዩ መኪና እንነዳለን።»
ይኸን የሚፋጅ ውሃ አየሁና፣ ሹም መቼም ይዋሻል አልሁ።
ኋላ ሥራውን ሳይ ነው በሐሜቴ ያፈርሁ።

ከግራው ጫፍ አንዱ ወገን፣ ከቀኙ ጫፍ ባላንጣው፤
ፊት ለፊት አንተያይም ብለው፣ ቃል ማመላለስ የሱ ዕጣ ነው።
ሰው ይልክ የነበረ ሰው፣ ዛሬ ተላኪ ሆኖ፣
ሰማንያ ሁለት እርምጃ (ቆጥሬያለሁ)፣ ፊቱ በድካም ዳምኖ።
ከቅርጫቱ ወረቀት ላይ፣ አንድ ቃል ሰባት ጊዜ ተሰርዞ አየሁ፤
የማላውቀው ፊደል ነው፤ ድካሙን ግን አነበብሁ።

በዘጠነኛው ቀን በሮቹ ሁለቱም ተዘጉ።
«ዘምዘም፣ ያገርሽ ሽማግሎች፣ እምቢ ሲባሉ ምን ነበር የሚያደርጉ?»
አጎቴን እንድሪስን አሰብሁ፤ የወረባቦ አበጋር፣
ደም ሊያደርቅ ሁለት ሌሊት ደጃፍ ያደረ፣ ከውርጭ ጋር።
«አይሄዱም» አልሁት። «እደጅ ይቀመጣሉ።
እሺ እስኪባሉ ድረስ፣ እህል ውሃ እምቢ ይላሉ።»

ጫማውን አወለቀ። ምንጣፉ መሐል ተቀመጠ፤
ከካልሲው ቀዳዳ አውራ ጣቱ አፈጠጠ።
ተቆጣጣሪዬ ሬሽማ በሬዲዮ፦ «አምስተኛ ፎቅ አለቀ ወይ?»
«ምንጣፉን ሰው ይዞታል።»
«የምን ሰው? እንግዳ ነው ወይ?»
«ሽማግሌ» አልኋት፣ ባማርኛ። ዘጋችው።

ሻይ መጣለት፤ አልነካም። ፀሐይ ወደቡን ለቃ ስትወጣ፣
ከቀኙ በር አንድ ወጣት ወንበር ይዞለት መጣ።
ቬይኮ ራሱን ነቀነቀ። ልጁ ወንበሩን እንዳቀፈ ቆመ።
የሩዊ አውቶቡስ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ አይጠብቅም፤
ሄድሁ። ልጁ ወለል ይቀመጥ፣ ወይ ይመለስ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በነጋታው ክፍሉ ባዶ፤ አልጋው ተነጥፎ አገኘሁት።
ታረቁ ወይ ብዬ፣ ማንንም አልጠየቅሁት።
ያችን ቦታ ስደርስ ግን፣ ማሽኔን አጠፋለሁ፤
ተሸክሜ እሻገራለሁ።