የእግሩ ልክ

አባቴ ሠላሳ ዓመት ማሽን ሥር ቆሞ፣
አራት ኪሎ፣ ማተሚያ ቤት፣ ከጩኸት ጋር ከርሞ፣
ጆሮውን ለጋዜጣ ገጽ በገጽ ሰጠና
በጡረታው ማግሥት ዝም አለው ጎዳና።

የቀረችው አልፋ ናት። ሁለት በር፣ አራት ወንበር፣
(የኋላውን ወንበር ማለት ለወግ ነበር)
ከግሪኩ ዳቦ ጋጋሪ በየወሩ እየከፈለ የገዛት፣
ቀይ ነበረች፤ ፀሐይ ልሶ ሸክላ ያስመሰላት።

ጩኸቷ ግን! ቸርችልን ቁልቁል ስትንደረደር
ወለሏ በረዶ ያገኘው ቆርቆሮ፣ በሯ የሚማረር፣
ማርሚታው ያጓራል፣ ጎማው ያፏጫል፣
መስታወቱ ብርድ እንደያዘው ጥርስ ይንቀጫቀጫል፤
አባቴ ከጎኔ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ያወራል።
ከንፈሩን አያለሁ። ቃሉ መንገድ ላይ ይቀራል።

የማይሰማ ሰው ይጮኻል ይላሉ። የኔው ግን ድምፁን እንደ ጧፍ
ከነፋስ በመዳፉ ከልሎ ነው የሚያልፍ።
እናም እውነቱን ልናገር፣ ለእሱ አልነበረም ድካሙ፤
ለኔ ነው። ልሰማው ነው፣ ወሬው ሳያልቅ ከነጣዕሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ሶማሌ ተራ፤ ሙዘይን በላብ ወርዝቶ
«ምኗን ላክማት?» አለኝ ኮፈኗን ከፍቶ።
«ዝም አሰኝልኝ።» ሳቀ። «እዚህ ሰፈር እኮ ሰው
ድምፅ የሌላት መኪና ካየ፣ ግፉ! ነው የሚለው።»

ወንበሮቿ ተነቀሉ፤ ምንጣፏ ተገፈፈ።
ከሥሩ አንዲት የእርሳስ ፊደል ወጣች፣ ጫፏ የረገፈ፤
«ጰ» ናት። ማን ፈልጓት ያውቃል?
ኪሴ ከተትኳት። ሙዘይን ሬንጁን ያሞቃል፣
ይለጥፋል፣ በመዶሻ እጀታ ይዳምጠዋል፣
በላዩ ስፖንጅ፣ ስፖንጁን የመንዝ ባና ያለብሰዋል።
«ጩኸት አይጥ ናት፤ ጢሟ ካለፈ ገላዋም አለፈ»
ብሎ የየሽቦውን ቀዳዳ በጎማ ጠቀጠቀ፣ ለጠፈ።
የበሯን ጎሚኒ ቀየረ፤ ኮፈኗን ከሥር አለበሰ፤
ሒሳቡ ከመኪናዋ ዋጋ ትንሽ ነው ያነሰ።

ሦስት ቅዳሜ።

በአራተኛው አባቴን ይዤ ቁልቁል ለቀቅኳት።
የፈረሰውን ሰፈር፣ የቆርቆሮ አጥሩን ሳልፍ አልሰማኋት።
የወያላው «ሜክሲኮ!» እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ከግድግዳ ማዶ፤
አውቶቡሱ እንደ ዓሣ አለፈ፣ አፉን ከፍቶ፣ ድምፁ ባዶ።
የአባቴን ትንፋሽ ሰማሁ። ኮሌታውን በጣቱ ሲያሻሽ።
ጠበቅኩ፣ ኑዛዜ እንደሚጠብቅ ወራሽ።

ፖስታ ቤቱ ጋ ስንደርስ መዳፉን ክሩስኮቱ ላይ አኖረ፣
የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ። ቆየ። ተቸገረ።
ከዚያ፣ ጥርት ብሎ ሰማሁት፣ «ሞተች እንዴ፣ ልጄ?»
ሞተሩ እየሠራ! ምን ብዬ ላስረዳው በእጄ?

ለካ ሠላሳ ዓመት ማሽኑን ያዳመጠው በጫማው ሶል ነበር፤
ሲታመም፣ ዘይት ሲጠማው፣ ወለሉ ለእግሩ ሲናገር።
እኔ ደግሞ በባና ጠቅልዬ፣ በሬንጅ አሽጌ፣
የቀረውን ጆሮ ደፈንኩበት፣ ቃሉን ፈልጌ።

ማታ በስልክ መብራት ጫማውን ወለሉ ላይ አኑሬ፣
ቁጥር አርባ አንድ፣ ዙሪያውን በጠመኔ አስምሬ፣
ባናውን፣ ስፖንጁን፣ ሬንጁን በምላጭ ቆረጥኩ፣
እስከ ቆርቆሮው ድረስ። እዚያ ስደርስ ተውኩ።
ሙዘይን ሰምቶ ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ፤
«ቤት ሠርተህ በሩን ገነጠልክ» ብሎ ዘለፈኝ።

አሁን ጩኸቷ በዚያች ቀዳዳ ጢሟን አስቀድማ ትገባለች፤
ከአባቴ ወሬ ገሚሱን እንደ ድሮው ትበላለች።
እሱ ግን ጫማውን አውልቆ፣ በካልሲ፣ ቆርቆሮውን ረግጦ፣
ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስንመለስ፣ ዓይኑን ሕንፃዎቹ ላይ አፍጥጦ፣
ጆሮዬ ገና ምንም ሳይሰማ፣
«ወደ ሁለተኛ መልስ» ይላል፣ በዚያች ቀጭን ዜማ።

እመልሳለሁ።
ልክ ነው።